ስድስት ቀንሱ

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው ደረጃው ሥር ነበር። ኮሎኔል መኩሪያ ኮፍያውን አውልቆ «እኔ አልተቀየምኩዎትም፣ ወይዘሮ ገበያነሽ» አለኝ፤ እኔም ከንዴቴ የተነሣ የያዝኩት የዳቦ ፌስታል ከእጄ ሊወድቅ ደረሰ። ያለፈውን ጽሑፌን ያላነበበ ሰው ቅር አይበለው። ታሪኩ አጭር ነው፤ የረዘመው ዕድሜው ነው።

ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መካኒሳ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሕፃናት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ዋቅጅራ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። የመካኒሳው ቤታችን ለመንገድ ሲፈርስ ከልጄ ከዶርቃ ጋር ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ሦስተኛ ፎቅ። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ምድር ቤት የሚኖረው እግሩን ትንሽ የሚጎትት ሽማግሌ፣ የእድራችን ጸሐፊ፣ በሃያ አንድ ዓመቴ የወደድኩት የአየር ኃይል አብራሪ መሆኑን አወቅሁ።

በ1969 ዓ.ም. መኩሪያ የሃያ ስድስት ዓመት መቶ አለቃ ነበር፤ ተዋጊ ጄት ያበራል። እኔ ደግሞ የወንጌላዊ ወጋየሁ ልጅ ነኝ። አባቴ ቤቱ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ጸለየ ተብሎ ሁለት ጊዜ ታስሯል። የወታደር መኪና በራችን ላይ ሲቆም ምንም ሳይጠይቅ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ የሚነሣ ሰው ነበር። መኩሪያ ሊተዋወቀው በጂፕ የመጣ ቀንም ብርድ ልብሱን በብብቱ ይዞ ነው የወጣው። «ልጅዎን ወድጄ ነው የመጣሁት» ቢለው፣ አባቴ ትንሽ አሰበና «ከዚህስ እስር ቤቱ ይሻለኝ ነበር» አለው።

ጦርነቱ መጣ። መኩሪያ ወደ ምሥራቅ ከመዝመቱ በፊት ከእኔ ጋር በምታስተምረው በእህቱ በትሩፋት እጅ ደብዳቤ ላከልኝ። በቀጠረኝ ቦታ ተገኘሁ፤ አልመጣም። ከአንድ ወር በኋላ አውሮፕላኑ ተመቶ ወደቀ፣ ሞተ ተባለ። እናቱ ግቢ ድንኳን ተጥሎ፣ ፎቶግራፉ መሃል ተቀምጦ እርም ሲወጣ፣ እኔም ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጬ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴት «አንቺ ምኑ ነሽ?» አለችኝ። «ከእህቱ ጋር ነው የማስተምረው» አልኳት። ትሩፋት ከፎቶው አጠገብ ሆና ስትገረምመኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አልሞተም። ተማርኮ ሶማሊያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ታስሮ በ1980 ተመለሰ። ያን ጊዜ እኔ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ። መመለሱን ሲነግሩኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩና ልብስ ለማስጣት ወጣሁ። ቀጥሮኝ ያልመጣ ሰው ነው፤ ምን ብዬ ልሂድ?

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ደረጃው ሥር አልተቀየምኩዎትም ያለኝ። እሱ! እኔን!

* * *

በሳምንቱ ከግቢው በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ በእሱ እጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «የእድር ስብሰባ። ቅዳሜ 9፡00። አጀንዳ፦ የአዲስ አባል የወ/ሮ ገበያነሽ ወጋየሁ ምዝገባ።» ጽሕፈቱ አልተለወጠም። «ገ»ን አሁንም እግሯን አስረዝሞ ነው የሚጽፋት። ዕቃ የረሳሁ መስዬ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አነበብኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻሼን አስተካክዬ ወረድኩ። የጋራ ቤቱ ሞልቷል። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ኦልጅራ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። የጸሐፊው ወንበር ባዶ ነው። ትንሽ ቆይታ የትሩፋት ልጅ ውዳሴ መዝገቡን ይዛ ገባች። እናቷ ካረፈች ወዲህ አጎቷን የምታስታምመው እሷ ናት።

«ይቅርታ አድርጉላቸው» አለች። «ጋሼ ስብሰባው ጠዋት ነው የመሰላቸው። ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው ነበር።»

«አሁንም በፈረንጅ ጻፉት?» አለ አቶ ኦልጅራ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ኮሎኔል እኮ ሰዓታቸው እስከ ዛሬ ከአውሮፕላን አልወረደም!»

ውዳሴም ሳቅ ብላ ነበር፤ ግን ተከላከለችለት። «ሁልጊዜ እኮ አይደለም፤ ሲጨነቁ ብቻ ነው። አየር ኃይል ሁሉ ነገር በፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ ልባቸው ሲረበሽ እጃቸው ወደዚያ ይሄዳል። ቤት ብኖር አርምላቸው ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ እዚህ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ጠብቀዋል። ከዚያ ‹አልፈለጉም ማለት ነው› ብለው ገቡ።»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እኔ የሁለተኛ ክፍል መምህር ነበርኩ። ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ሰዓት የሚነበብበት ክፍል ነው። ከካርቶን የሠራኋትን ሰዓት ከፍ አድርጌ «ፈረንጁ ዘጠኝ ሲል እኛ ስንት እንላለን?» እላለሁ። ልጆቹ ጣታቸውን ይቆጥራሉ። «ስድስት ቀንሱ!» እላለሁ። «ሦስት!» ይሉኛል ባንድ ድምፅ። ይህንን ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። በሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ አውቀውታል።

ተነሣሁ።

«ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ስብሰባው እኮ ስለ እርስዎ ነው!» አለ አቶ ኦልጅራ።

«መጣሁ» አልኩና ወጣሁ። ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

* * *

ደብዳቤውን ከመምህርነት የምስክር ወረቀቴ ጋር በአንድ ፖስታ ነው የማስቀምጠው። ዋቅጅራ ያውቅ ነበር። እንደተጋባን ሰሞን ልቀደው ስል «ተይው፣ የሰው ጽሕፈት ነው፣ ሰውየውም ሞቷል» ብሎ መልሶ ያስቀመጠው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት።

«ገበያዬ፣ ወደ ምሥራቅ ልንሄድ ነው። ቅዳሜ መካኒሳ ድልድዩ ጋ ከ9፡00 እስከ 10፡00 እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በላይ እንድቆይ አይፈቀድልኝም። ከመጣሽ ለአባትሽ ሽማግሌ ልኬ እዘምታለሁ። ካልመጣሽ ግን መልስሽ ገብቶኛል፤ ዳግመኛ ስምሽን አላነሣም። መኩሪያ።»

ዘጠኝ። እኔ እንደማንኛውም ሰው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሄድኩ። እሱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የሐምሌ ጭጋግ ከወንዙ ሳይነሣ፣ እዚያው ቦታ ቆሞ ነበር። ትሩፋትም ለምን እንደገረመመችኝ ገና አሁን ገባኝ። ወንድሟን እንቢ ብላ ወደ ሞት የላከች ሴት ለቅሶው ላይ ስትቀመጥ ነበር የምታየው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ዶርቃ ከኩሽና ወጣች። ልጄ ጎፋ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ መጀመሪያ የያዘችው እጄን ነው፣ የልብ ምቴን ልትቆጥር። ደብዳቤውን ሰጠኋት፤ ነገርኳት። አንብባ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ልትነግሪው ነው?»

«ልነግረው ነው እንጂ!»

«ቆይ፣ ተረጋጊ። ይሄን ስትነግሪው ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? የጻፈው እሱ ነው። በገዛ እጄ ነው ያጣኋት ብሎ በሰባ አራት ዓመቱ እንዲብሰለሰል ነው የምትፈልጊው?»

ደብዳቤውን ከእጇ ወስጄ ፖስታው ውስጥ መለስኩት።

«ውዳሴ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ» አለች ዶርቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚያ እስር ቤት አእምሯቸውን የሳቱት ሚስትና እጮኛ የነበራቸው ናቸው ይላል አሉ። ‹እኔን ያዳነኝ የሚጠብቀኝ ሰው እንደሌለ ማወቄ ነው› ይላል። ያንን ልትቀሚው ነው? አልቅሰሽ የቀበርሽው ነገር ነው፤ ተይው፣ እማዬ።»

ልጄን ክፉ ናት እንዳትሉብኝ። ትክክል ነበረች፤ እውነቷን ነው። ቁጭ ብዬ ፖስታውን ጭኔ ላይ አድርጌ አሰብኩ። ዝም ብል እኔ እንቢ እንዳልኩት አምኖ በሰላም ይኖራል፤ ደረጃው ሥር ኮፍያውን እያወለቀ ይቅር ይለኛል። ብነግረው አሥራ አንዱን ዓመት እንደ አዲስ አስቆጥረዋለሁ።

ግን «አልፈለጉም ማለት ነው» የሚለው ቃል አልለቀቀኝም። ዛሬ ጠዋት፣ ባዶ ወንበሮች መካከል፣ መዝገቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው ያለው። ይሄ ሰው አልዳነም። ሰው በቀረ ቁጥር ያንኑ ቃል እየደጋገመ አርባ ስምንት ዓመት ኖሯል። ተነሣሁ፤ ዶርቃም አላስቆመችኝም። ሻሼን መልሳ አስተካክላልኝ በሩን ከፈተችልኝ፤ ስወርድ እያለቀስኩ ነበር።

* * *

በሩን ሳንኳኳ ራሱ ከፈተ። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

«ስለ ማስታወቂያው ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ» አለኝ። «ሰዎቹን አሳሳትኩ። ይሄን ያህል ዘመን ቆይቶም እጄ ልማዱን አልተወም። ይግቡ፤ በሩን ክፍት እተወዋለሁ።»

ሰው እንዳያማኝ ነው። ያኔም እንዲህ ነበር፤ ጂፑን ሁልጊዜ ከቤታችን ራቅ አድርጎ ያቆም ነበር። ገባሁ። አልጋው ያለ አንድ እጥፋት ተነጥፏል፣ ጫማዎቹ በመስመር ተደርድረዋል፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። ወንበሩን ስቦ ሰጠኝና እሱ ቆመ። ፖስታውን ከነጠላዬ ሥር ይዣለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።

«ኮሎኔል» አልኩት፣ «ያን ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነበር የበረሩት?»

የትኛው ቅዳሜ አላለኝም። ፊቱ ብቻ ተለወጠ።

«እኔ ማስታወስ አያስፈልገኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ተጽፏል።»

ከአልጋው ራስጌ ካለው መሳቢያ ጠርዙ የተበላ ጥቁር መዝገብ አወጣ። አብራሪዎች እያንዳንዱን በረራ የሚጽፉበት ነው። ሞቷል ሲባል ከጦር ሰፈሩ ለእናቱ መጥቶላቸው እስኪመለስ ድረስ እሳቸው አስቀምጠውለታል። ገልጦ አንዱ መስመር ላይ ጣቱን አደረገ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ጁላይ 30 ቀን 1977፤ የእኛ ሐምሌ 23 ቀን 1969። ከደብረ ዘይት ወደ ድሬዳዋ። የተነሣበት 15፡00።

አሥራ አምስት። ስድስት ቀነስኩ። እኔ ድልድዩ ጋ ስደርስ እሱ ከመሬት ሲነሣ ነበር።

የመስመሩ መጨረሻ ላይ ለማስታወሻ የተተወች ጠባብ ቦታ አለች። ከላይም ከታችም ባዶ ናት። በዚያች መስመር ላይ ግን በአማርኛ አንዲት ቃል አለች። በአውራ ጣቱ ሊሸፍናት ሞከረ፤ ቀደምኩት።

«አልመጣችም።»

«ይሄን እንዲያዩት አልፈለግሁም ነበር» አለ። «ልጅነት ነው። አልተቀየምኩዎትም ያልኩዎት ከልቤ ነው። አባትዎ ታስረው፣ እኔ የወታደር ልብስ ለብሼ… መብትዎ ነበር።»

«መቼ ነው የጻፉት?»

«ድሬዳዋ እንዳረፍን። ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ እኔ ክንፉ ሥር ቁጭ ብዬ። አሥራ ሰባት ተኩል ግድም ነበር።»

አሥራ አንድ ተኩል።

«መኩሪያ» አልኩት፤ ኮሎኔሉም እርስዎውም ጠፋብኝ። «አንተ ይሄን ስትጽፍ እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ ነበር።»

አልገባውም። እንዴት ይግባው? ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠሁት። የገዛ ጽሕፈቱን አወቀና ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ደረሰ። አነበበው፤ ቀና አለ፤ እንደገና አነበበው። ከውጭ የታክሲ ረዳት «ጀሞ! ጀሞ!» እያለ ሲጣራ ይሰማ ነበር።

«ጠዋት ነው እኮ» አለ እንደ ሕፃን። «የጉዞ ትእዛዙን እንደሰማሁ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው የጻፍኩት። ጂፑ በአሥር ሊመልሰኝ… ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ያልኩሽ።»

«ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚባል ነገር እኮ እኛ የለንም» አልኩት።

ያን ጊዜ ገባው። አልጋው ላይ ተቀመጠ። እግሩ ታጥፎለት ሳይሆን ተሸንፎ ነው የተቀመጠው። ቀኝ እጁን ገልብጦ ገልብጦ አየው። ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ የሌለው ልቅሶ ግን አይቼ አላውቅም። «በእጄ» አለ። «በዚህ በገዛ እጄ።» ዶርቃ የፈራችው ይሄን ነበር። ሳልነግረው በቀረሁ ብዬ ተመኘሁ፤ እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ተመኘሁ።

ከዚያ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና ያንን እጅ ያዝኩት። በሩ ክፍት ነው፤ የሚያይ ይይ።

«ስማኝ» አልኩት። «ሁለተኛ ክፍል ምን እንደማስተምር ታውቃለህ? ሰዓት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ‹ስድስት ቀንሱ› እያልኩ ጮኼያለሁ። ይቺ ወረቀት እቤቴ ነበረች። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ቀንሼ አላየኋትም። አንተ አልመጣህም ብዬ መኩራት ቀለለኝ። ግማሹ የእኔ ነው፤ ሁሉንም ለብቻህ አትውሰደው።»

እጁን አልወሰደም።

«እስከ ስንት ሰዓት ጠበቅሽ?» አለኝ።

ጠበቅሽ አለኝ። ጠበቁ አላለኝም። ያችን አንዲት «ሽ» ከሰማሁ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ልቤ እንዴት እንደሆነ መጻፍ አልችልም።

«እስከ ዛሬ» ብዬ ብመልስለት እሱም ደስ ይለው ነበር፣ እናንተም ደስ ይላችሁ ነበር። ግን ውሸት ነው። ዋቅጅራን አግብቻለሁ፤ ወድጄውም ነበር፤ መቃብሩ ላይ ያፈሰስኩት እንባ የውሸት አልነበረም። ስለዚህ እውነቱን ነገርኩት።

«እስከ አሥራ አንድ ተኩል። ዝናቡ ጫማዬ ውስጥ እስኪገባ። ከዚያ አንድ መኪና ሲመጣ አየሁና ጂፕ መሰለኝ፤ የወተት መኪና ነበር። ያኔ ነው የሄድኩት።»

«የወተት መኪና» አለ፤ በእንባው መሃል ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ግን ልባችንን ይቆርጠው ነበር።

መዝገቡ አሁንም ጭኑ ላይ ተከፍቷል። ከሸሚዙ ኪስ ላይ እስክሪብቶውን መዘዝኩ። የልጆች ደብተር ሳርም ስህተቱን አልሰርዝም፣ ከሥሩ ትክክሉን ነው የምጽፈው። ከዚያች ቃል ሥር፣ ባዶዋ ቦታ ላይ፣ ጻፍኩ። «መጥታ ነበር።»

ጮክ ብሎ አነበበው። ሁለተኛ ጊዜ አነበበው። በጣቱ ነካው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

«ያኔ ለአባትሽ ሽማግሌ ልልክ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሁን ሽማግሌው እኔው ሆንኩ። ረፈደ እኮ፣ ገበያዬ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብዬ አየሁት። በእሱ አቆጣጠር ነው የሚሠራው፤ ለአራት አምስት ጉዳይ ይላል። በዚህ ጊዜ መቀነስ አይደለም፣ ስድስት መደመር ነው። ደመርኩ። ደብዳቤውን ከእጁ ወስጄ «እስከ 10፡00 እጠብቅሻለሁ» የሚለውን መስመር በጣቴ አሳየሁት።

«አልረፈደም» አልኩት። «ገና አሥር አልሆነም።»